መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል፦ ትንኝን በዘረመል የመለየት ታሪክ

በሳይንስ መዝገብ «አኖፊለስ አማሪከስ» የሚል ስም የተሰጣት አንዲት ትንኝ አለች። ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ትንኟ የተለየችው ጅማ አካባቢ ከተሰበሰቡ ትንኞች ነው፤ ስሙ በይፋ የወጣላት ደግሞ በ2013 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህቺ ትንኝ የምትፈልገው የከብት ደም ነው። ወባ በማስተላለፍ አትታወቅም።

እህቷ «አኖፊለስ አረቢየንሲስ» ግን ሌላ ታሪክ አላት። በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ እሷ ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ባለሙያ የቱ የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። ክንፋቸው፣ እግራቸው፣ የአካላቸው ነጠብጣብ አንድ ነው። የሚለያቸው በአካላቸው ላይ ሳይሆን በዲኤንኤያቸው ውስጥ የተጻፈው ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የትኛው ቤት ይረጫል? አጎበር ለማን ይከፋፈላል? ረግረግ ይደፈን ወይስ የከተማ በርሜል ይከደን? የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው በአንድ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ «ትንኟ ማን ናት?» ባለፉት መቶ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ የሰጡ መንግሥታት ገንዘባቸውን በማያስፈልግ ቦታ አፍስሰዋል፤ አንዳንዶቹም ዜጎቻቸውን ቀብረዋል። ታሪኩ የሚጀምረው ከአፍሪካ ሳይሆን ከአውሮፓ ነው።

▪️ የጣሊያን እንቆቅልሽ

በነሐሴ 1897 ሮናልድ ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ወታደራዊ ሐኪም በህንድ ሴኩንደራባድ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። በዓመቱ ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ በጣሊያን የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ የተባለችው የትንኝ ወገን መሆኗን አሳዩ። ያኔ ብዙዎች ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ትንኟ ታውቃለች፤ ቀሪው እሷን ማጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ ካርታው አልገጥም አለ። አኖፊለስ ያለችባቸው ቦታዎች ሁሉ ወባ ያለባቸው አልነበሩም። በሰሜን ጣሊያን፣ በጀርመን፣ በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ ትንኟ ሞልታ ወባ የሌለባቸው ሰፊ አካባቢዎች ነበሩ። በደቡብ ጣሊያን ዳርቻዎች ግን ያቺው የምትመስል ትንኝ ሰውን ትፈጅ ነበር። ተመራማሪዎቹ «ወባ አልባ አኖፊለስ» የሚል ስም አወጡለትና ለዓመታት ተከራከሩበት። አንዱ የአየር ንብረት ነው አለ፤ ሌላው የሰዉ ኑሮ ተሻሽሎ ነው አለ፤ ሦስተኛው የከብቱ ብዛት ነው አለ።

ፍንጩን ያመጣው ዝነኛ ፕሮፌሰር አልነበረም። ዶሜኒኮ ፋሌሮኒ ይባላል፤ በጣሊያን የጤና አስተዳደር ውስጥ ያገለገለና ጡረታ የወጣ ተቆጣጣሪ ነው። ሰውየው ትንኞችን እያረባ እንቁላላቸውን በትዕግሥት ይመለከት ነበር። በእንቁላሎቹ ላይ ያለው የቀለም ጥለት ከእናት እናት እንደሚለያይ፣ የአንዲት እናት እንቁላሎች ግን ሁሌም አንድ ዓይነት እንደሆኑ አስተዋለ። በ1926 ግኝቱን አሳተመ፤ ለሁለቱም በጤና አስተዳደሩ ውስጥ ባሉ ሰዎች ስም «ሜሴኤ» እና «ላብራንኪኤ» ብሎ ሰየማቸው።

መጀመሪያ ላይ ብዙም ትኩረት አላገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሮክፌለር ፋውንዴሽኑ ሉዊስ ሃኬት፣ ጣሊያናዊው አልቤርቶ ሚሲሮሊና ባልደረቦቻቸው ወደ እንቁላሎቹ ሲመለሱ ግን ካርታው በአንድ ጊዜ ገጠመ። ከብት የምትወደው ሜሴኤ ባለችበት ወባ የለም። ሰው የምትነክሰው ላብራንኪኤ ባለችበት ወባ አለ። «አንዲት ትንኝ» ተብላ ስትጠና የኖረችው በእርግጥ ብዙ ዝርያ ነበረች። በወቅቱ ስለ ዲኤንኤ ቅርጽ የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን እንቁላሉ ላይ ያለው ጥለት የዘር ውርስ ምስክር ነበር።

▪️ ብራዚል የተሻገረችው አፍሪካዊት

በ1930 ሬይመንድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ናታል ከተማ ዳር፣ መኖር ያልነበረባቸውን እጮች አገኘ። በዚያ ዘመን ስያሜ «አኖፊለስ ጋምቢየ» የምትባለው የአፍሪካ ትንኝ ነበረች። ከዳካር ወደ ናታል ፖስታ በሚያመላልሱ ፈጣን የፈረንሳይ መርከቦች ተሳፍራ እንደመጣች ይታመናል።

ማስጠንቀቂያው ቢሰጥም እርምጃው ዘገየ። ትንኟ በጸጥታ በወንዝ ሸለቆዎች ተስፋፋችና በ1938 በሪዮ ግራንዲ ዶ ኖርቴና በሴአራ ግዛቶች ከባድ ወረርሽኝ ቀሰቀሰች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው የብራዚል መንግሥትና ሮክፌለር ፋውንዴሽን በፍሬድ ሶፐር መሪነት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰልፈው እያንዳንዱን ኩሬና ጉድጓድ ማደን የጀመሩት። በ1940 መጨረሻ ትንኟ ከብራዚል ጠፋች። እስከ ዛሬ ድረስ ወራሪ የወባ ትንኝን ከአንድ አገር ሙሉ በሙሉ በማጥፋት ረገድ በምሳሌነት የሚጠቀሰው ዘመቻ ይህ ነው።

የዚህ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ የተጻፈው ግን ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ2008 የታተመ ጥናት በሙዚየም በመርፌ ተሰክተው ከተቀመጡ የዚያ ዘመን የብራዚል ትንኞች ዲኤንኤ አውጥቶ መረመረ። ወራሪዋ ዛሬ «ጋምቢየ» በምንላት ዝርያ ውስጥ የምትመደብ አልነበረችም። አረቢየንሲስ ነበረች፦ ደረቅ አገርን የምትችለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የምናውቃት። ሶፐር ጠላቱን አሸንፎ ወደ መቃብሩ የወረደው እውነተኛ ስሟን ሳያውቅ ነው።

▪️ የበቅሎ ሕግ

ሶፐር ስሟን ሊያውቅ ያልቻለው በእሱ ዘመን ስሙን ለመለየት የሚያስችል መንገድ ስላልነበረ ነው። «ጋምቢየ» ለሁሉም አንድ ስም ነበር። ከአፍሪካ ዳር እስከ ዳር ግን ጠባይዋ አንድ አልነበረም። አንዷ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ ሌላዋ በንጹሕ ኩሬ። አንዷ ከቤት አትወጣም፤ ሌላዋ በረት ታድራለች። በ1950ዎቹ የቤት ውስጥ ርጭት ሲስፋፋ ይህ ልዩነት ራስ ምታት ሆነ፤ አንድ ቦታ የሠራው ሌላ ቦታ አልሠራም።

መልሱ የመጣው ከማዳቀል ሙከራ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምሳሌው ደጁ ላይ ነው፦ ፈረስና አህያ ቢዳቀሉ በቅሎ ይወለዳል፤ በቅሎ ግን አይወልድም። ይህ ፈረስና አህያ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ለመሆናቸው ማስረጃ ነው። በለንደን ጆርጅ ዴቪድሰን፣ በደቡብ አፍሪካ ሂዩ ፓተርሰን ከተለያዩ የአፍሪካ ክፍሎች የመጡ «ጋምቢየ» ትንኞችን አዳቀሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ግልጽ ሆነ። አንዳንዶቹ ሲዳቀሉ የሚወለዱት ወንዶች መካን ነበሩ። መልካቸው ቢመሳሰልም እንደ ፈረስና አህያ ሁለት ዝርያ ናቸው ማለት ነው።

ስም ስላልነበራቸው መጀመሪያ «ዝርያ ኤ»፣ «ዝርያ ቢ»፣ «ዝርያ ሲ» ተባሉ። በኋላ ዝርያ ኤ የ«ጋምቢየ»ን ስም ወረሰች። ዝርያ ቢ ደግሞ በ1905 ከኤደን አካባቢ በተገኙ ናሙናዎች ላይ ተሰጥቶ የተረሳ «አረቢየንሲስ» የሚል የቆየ ስም ተመለሰላት። ዝርያ ሲ «ኳድሪአኑላተስ» ተባለች፤ ከብት ነካሽ ናት፣ በሰው ላይ ጉዳቷ እምብዛም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር ይያዝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። መካን የሚሆኑት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። የተዳቀሉት ሴቶች መውለድ ይችላሉ።

▪️ ጥለት ያለው ክሮሞዞም

ማዳቀል አድካሚ ነው። እያንዳንዷን ትንኝ ለማወቅ ልጆቿን አሳድጎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ማሪዮ ኮሉዚ አቋራጭ አገኘ። እንቁላል ልትጥል በግማሽ በደረሰች ሴት ትንኝ ኦቫሪ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች ክሮሞዞማቸው እጅግ የወፈረ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ነጠላ ጥለት ጥቁርና ነጣ ያሉ መስመሮች ይደረደሩበታል። የየዝርያው አደራደር ይለያያል። አንዳንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ይገኛል፤ ይህ መገለባበጥ እንደ ፊርማ ያገለግላል። ኮሉዚና ባልደረቦቹ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ይህን ፊርማ ማንበብ ለሌሎች አስተማሩ።

ፊርማው ያሳየው ዝርያን ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትና የናይጄሪያ መንግሥት ከ1969 እስከ 1976 በሰሜን ናይጄሪያ ጋርኪ በተባለ አካባቢ ትልቅ ሙከራ አካሄዱ። ቤት ለቤት ፀረ-ተባይ ተረጨ፤ በአንዳንድ መንደሮችም ለሕዝቡ መድኃኒት ታደለ። ወባ ቀነሰ፤ ነገር ግን ስርጭቱ አልተቋረጠም። ኮሉዚ የትንኞቹን ክሮሞዞም ሲመለከት አንዱን ምክንያት አየ። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ የተወሰነ ክሮሞዞም ቁራጭ የተገለበጠባቸው ትንኞች ቤት ውስጥ የማረፍ ዝንባሌያቸው ከሌሎቹ ይለያል። ግድግዳው ተረጭቷል፤ ከትንኞቹ ግን ግድግዳው ላይ የማያርፉ ነበሩ። ርጭት የሚገድለው የሚያርፍበትን ብቻ ነው።

ጋርኪ ለፖሊሲ አውጪዎች መራራ ትምህርት ነበር። ገንዘብና የሰው ኃይል ቢኖርም፣ ፀረ-ተባዩ ጥሩ ቢሆንም፣ የትንኟ ጠባይ ካልታወቀ ዘመቻው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

▪️ አንድ እግር ይበቃል

በ1993 በአሜሪካ የሚሠሩት ስኮት፣ ብሮግደንና ኮሊንስ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። በኮቪድ ዘመን ስሙን ያልሰማ ሰው የሌለውን የፒሲአር ምርመራ ለጋምቢየ ቤተሰብ አዘጋጅተው ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁሉም ትንኝ ውስጥ የሚገኝ ነገር ግን ከዝርያ ዝርያ ፊደሉ ትንሽ የሚለያይ የዲኤንኤ ክፍል ይመረጣል። ለየዝርያው የሚገጥም «ቁልፍ» ይሠራል። ቁልፉ ከገጠመ የዲኤንኤው ቁራጭ ይባዛል። የቁራጩ ርዝመት የዝርያውን ስም ይናገራል፦ 390 ፊደል ከሆነ ጋምቢየ፣ 315 ከሆነ አረቢየንሲስ።

ለዚህ ሁሉ የትንኟ አንድ እግር ይበቃል። ትንኟ ወንድም ትሁን ሴት፣ እጭም ትሁን ጎልማሳ፣ የደረቀችም ትሁን አልኮል ውስጥ የተቀመጠች ለውጥ የለውም። የክሮሞዞሙን ጥለት ለማንበብ የዓመታት ልምድና በትክክለኛው ሰዓት የተያዘች ሴት ትንኝ ያስፈልግ ነበር። አሁን በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ደርዘን ናሙና ማየት ተቻለ።

የዚህ ዓይነት ምርመራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳየው አንዱ ጉዳይ በቬትናም የተገኘው ነው። በደቡባዊ መካከለኛ ቬትናም በመልክ ብቻ ተለይታ «ሚኒመስ» የተባለች አደገኛ አስተላላፊ ናት ተብሎ ቁጥጥር የሚደረግባት ትንኝ ነበረች። በ2001 የታተመ የዘረመል ምርመራ እውነተኛ ማንነቷን ገለጠ፦ «ቫሩና» የተባለች፣ ከብት የምትመርጥ ዝርያ ናት። ጥናቱ ራሱ በርዕሱ ላይ በስህተት የተለየችና በስህተት የተዘመተባት ብሎ ጻፈው። የመንግሥት ርጭት ወባ በማታስተላልፍ ትንኝ ላይ ይባክን ነበር ማለት ነው።

በ2002 የጋምቢየ ሙሉ ዘረመል ተነብቦ ታተመ። በ2013 ደግሞ «ጋምቢየ» ውስጥ ተደባልቃ የቆየችው ሌላዋ እህት ተለይታ «ኮሉዚአይ» ተባለች፤ ከአንድ ዓመት በፊት ላረፈው ለማሪዮ ኮሉዚ መታሰቢያ። አማሪከስ በይፋ የተሰየመችውም በዚያው ጽሑፍ ነው። የፋሌሮኒን እንቁላል ተከትሎ የተጀመረው ጉዞ አንዷን «ጋምቢየ» ወደ ዘጠኝ ያህል ዝርያ ከፋፈላት።

▪️ የእኛ ትንኞች

ኢትዮጵያ ወባን የምታውቀው በመራር ትዝታ ነው። በ1958 (በእኛ አቆጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ) የተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል። ወባ እምብዛም የማያውቃቸው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር የሚደርሱ ደጋማ ቦታዎች ጭምር ተመቱ። በማግሥቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ የዲዲቲ ርጭት በሰፊው ተጀመረ። በየገጠሩ ፓምፕ ተሸክመው የሚዞሩትን «የወባ ሠራተኞች» የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳቸዋል።

ያኔ ጠላቷ «ጋምቢየ» ትባል ነበር። ኋላ በዘረመል ሲጣራ በኢትዮጵያ ይህን ስም ይዛ የኖረችው በዋናነት አረቢየንሲስ ሆና ተገኘች። ልዩነቱ ተግባራዊ ነው። አረቢየንሲስ ሰውም ከብትም ትነክሳለች፤ ቤት ውስጥም ደጅም ታርፋለች፤ ሰው ወደ መኝታው ሳይሄድ በምሽት ትነክሳለች። ስለዚህ አጎበርና የቤት ርጭት ይጎዷታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያቆሟትም።

ከእሷ ጋር ተደባልቃ ትኖር የነበረችው አማሪከስ የተለየችው በ1998 ነው። ሀንትና ኩትዚ ከፈጠነ ጋር ሆነው የኢትዮጵያዋን «ኳድሪአኑላተስ» ከደቡብ አፍሪካዋ ጋር ሲያዳቅሉ ያ የበቅሎ ሕግ እንደገና ታየ፤ የተወለዱት ወንዶች መካን ነበሩ። በ2003 የራሷ የፒሲአር ቁልፍ ተሠራላት። ለወባ ቁጥጥር ይህ ማለት ከጅማ የተሰበሰበ የትንኝ ክምችት ሁሉ አደገኛ ተብሎ መቆጠር የለበትም ማለት ነው። ቁጥሩ ውስጥ ንጹሐንም አሉ።

▪️ ያልተጠበቀችው እንግዳ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ከተማ የተሰበሰቡ ትንኞች በአገሩ ከሚታወቁት ጋር አልመሳሰል አሉ። ችግሩ በዚያ ዘመን ባለሙያዎች የአፍሪካን አኖፊለስ የሚለዩበት መደበኛው የመለያ መጽሐፍ በ1987 የተዘጋጀ ሲሆን፣ እንዲህ ያለችውን ትንኝ አያካትትም ነበር። በመጽሐፉ መሠረት መልክ ብቻ ያየ ሰው በአገሩ ካሉት በአንዷ ስም ሊመዘግባት ይችላል።

የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሰለሞን ያሬድ፣ አሜሪካዊቷ ታማር ካርተርና ባልደረቦቻቸው የሁለት ዘረመል ክፍሎችን ፊደል አንብበው ከዓለም አቀፍ መዝገብ ጋር አመሳከሩ። መልሱ «አኖፊለስ ስቴፈንሳይ» ሆነ፦ የህንድና የፓኪስታን ከተሞች የወባ ትንኝ። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው በ2012 በጅቡቲ ነበር። በ2018 በታተመው የኢትዮጵያ ግኝት ላይ ተመሥርቶ በተደረገ አሰሳ በሶማሌ፣ በአፋርና በድሬዳዋ ከተሞች ተገኘች። የዘረመል ንጽጽሩ ከፓኪስታን ትንኞች ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳላት አሳየ።

ይህቺ ትንኝ የኢትዮጵያን የወባ ካርታ ትቀይራለች። የተለመደው ወባ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ሲመጡ ይነሳል። ስቴፈንሳይ ግን ዝናብ አትጠብቅም። በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ትራባለች። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ለእሷ ምቹ ነው፤ ሰው ውኃ ባጠራቀመ ቁጥር ቤት ይሠራላታል። በኢትዮጵያ የተሞከሩባትን ብዙ ዓይነት ፀረ-ተባዮችም ትቋቋማለች።

ጅቡቲ ዋጋውን ቀድማ ከፈለች። በ2012 የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። ድሬዳዋም ተከተለች። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት ከ2,400 በላይ ሰው ታመመ፤ በ2019 በተመሳሳይ ወራት የነበረው 205 ነበር። በአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የፍጹም ታደሰ ቡድን በሕመምተኞቹ መኖሪያ አካባቢ ትንኞችን ሰብስቦ ሲመረምር ጣቱ ወደ ስቴፈንሳይ አመለከተ። የዘረመል ምርመራ ባይኖር ኖሮ ይህ ወረርሽኝ «ያልተለመደ የወባ ጭማሪ» ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ርጭቱም እንደ ልማዱ ወደ ገጠር ይወጣ ነበር።

▪️ ወሰን የሚያፈሱት ሴቶች

እዚህ ላይ ያ የተቀመጠ ዝርዝር ይመለስ። በተዳቀሉ ትንኞች ወንዶቹ መካን ናቸው፤ ሴቶቹ ግን ይወልዳሉ። ይህ ማለት በዝርያዎቹ መካከል ያለው አጥር በር አለው። በ2015 የታተመ የሙሉ ዘረመል ንጽጽር በጋምቢየ ቤተሰብ ውስጥ በተለይም በአረቢየንሲስና በጋምቢየ ሐረግ መካከል ከፍተኛ የዘረመል ልውውጥ እንደነበረ አሳየ። ፀረ-ተባይን ለመቋቋም የሚረዳ የዘረመል ለውጥም በምዕራብ አፍሪካ ከጋምቢየ ወደ ኮሉዚአይ ተሻግሯል።

ስለዚህ የዝርያ ስም ማወቅ የጉዞው መጨረሻ አይደለም። «አረቢየንሲስ ናት» ካሉ በኋላ «የትኛውን ፀረ-ተባይ ትቋቋማለች?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላም ድክመት አለ። የፒሲአር ቁልፍ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ለጋምቢየ ቤተሰብ የተሠራ ቁልፍ ስቴፈንሳይን አይከፍትም፤ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ «ናሙናው ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥል ቤተ ሙከራና «ይህቺ ማን ናት?» ብሎ የሚከታተል ቤተ ሙከራ በሰው ነፍስ ይለያያሉ።

▪️ ጥያቄው የማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ በኢትዮጵያ ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ከሕመምተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ነበሩ። ይህን ሁሉ በአንዲት ወራሪ ትንኝ ላይ መጫን ስህተት ነው። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ የመድኃኒትና የአጎበር እጥረት፣ የአየር ንብረት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በየትኛው ወረዳ የቷ ትንኝ እንዳለች ሳይታወቅ የሚወጣ በጀት ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚወረውር ሰው ነው።

የትንኝ ምርመራ በአገራችን ለረዥም ጊዜ የተደገፈው በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆም ይህ ጥገኝነት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታየ። አጎበር መግዛት ለፖለቲከኛ ፎቶ ይመቻል። እግር ቆርጦ ዲኤንኤ የሚያወጣ ቴክኒሺያን ደመወዝ፣ ለፒሲአር የሚገዛ ኬሚካል፣ ለትንኝ ሰብሳቢ የሚከፈል አበል ግን ለምረቃ ሪባን አይሆኑም። ሲቋረጡም ድምፅ አያሰሙም። የሚሰሙት ከዓመት በኋላ፣ በጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ነው።

ብራዚል በ1930 የተሰጣትን ማስጠንቀቂያ ችላ ብላ ስምንት ዓመት ቆይታ በሺዎች ቀበረች። ኢትዮጵያ የራሷን ማስጠንቀቂያ በ2016 ከቀብሪደሃር አግኝታለች፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ድሬዳዋ ደረሰ። ቀጣዩ ከተማ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ሊናገር የሚችለው ወረርሽኙ ሳይነሳ በየበርሜሉ እጭ ሰብስቦ ዘረመሉን የሚያነብ ሰው ነው። ያ ሰው በየክልሉ ቤተ ሙከራ መኖር አለበት፤ ደመወዙም በመንግሥት በጀት ውስጥ በራሱ መደብ ሊያዝለት ይገባል።